ረቂቅ ንድፍን ወደ ተጠናቀቀ ዲጂታል ሥዕል ማሳደግ፦ ከትንሿ ሣጥን እስከ ኅትመት

ዲጂታል ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና በረቂቁ ነው፤ ብልሽቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሠዓሊው ብራሽ ይቀያይራል፣ ዝርዝር ይደራርባል፣ ፊልተር ላይ ፊልተር ይጨምራል። ችግሩ ያለው በቅርጾቹ አቀማመጥ ወይም በብርሃንና በጨለማው አከፋፈል ላይ ስለሆነ ግን ምንም ቢደራረብበት ፈቀቅ አይልም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ ደንብ አለው፦ በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመለሳል፤ መልሱ ሳይጸና ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። መጀመሪያ አቀማመጥ፣ ቀጥሎ ብርሃንና ጨለማ፣ ከዚያ ቅርጽና መስመር፣ በመጨረሻም ቀለም፣ ጠርዝና ዝርዝር። ለማሳያ አንድ ሥዕል ይዘን እንዘልቃለን፦ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ደብዳቤ የምታነብ ሴት።

ስለ ፕሮግራም ምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ክሪታ ነጻ ነው፤ ፎቶሾፕ፣ ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንት እና አይፓድ ላይ የሚሠራው ፕሮክሪኤት ይከፈልባቸዋል፤ ኢቢስ ፔይንት ስልክ ላይም ይሠራል። ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበር ግልጽ ገጽ)፣ ብሌንድ ሞድ (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሐድበት ስልት) እና ክሊፒንግ ማስክ (ቅቡ ከሥሩ ካለው ሌየር ቅርጽ እንዳይወጣ የሚያደርግ) ያለው ማንኛውም ፕሮግራም ይበቃል። ክሪታ ላይ የክሊፒንግ ማስክን ሥራ ለማግኘት ሌየሮቹን በአንድ ግሩፕ አድርጋችሁ ከላይኛው ሌየር ላይ «ኢንሄሪት አልፋ» የሚለውን ታበራላችሁ።

1. ትንንሽ ንድፎች

ረጅም ጎናቸው ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር የሚሆን ከ6 እስከ 10 ሣጥኖች አስምሩ፤ ወረቀት ላይም ስክሪን ላይም ይሆናል። የሣጥኖቹ ጎኖች ምጥጥን ከመጨረሻው ሥዕል ጋር አንድ መሆን አለበት። ኤ4 ከሆነ 1 ለ1.41፣ ሰፊ ስክሪን ከሆነ 16 ለ9። ይህን ቸል ያለ ሰው በኋላ ላይ ያማረውን ንድፍ ወደማይመጥነው ካንቫስ ሲያስገባ ወይ ጎኑን ይቆርጣል፣ ወይ የማይፈልገውን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ሁለቱም ቅንብሩን ያፈርሱታል።

ለእያንዳንዱ ሣጥን ከ3 ደቂቃ በላይ አትስጡ፤ የምትሠሩበትም ብራሽ ወይም ማርከር ወፍራም ይሁን። ወፍራም ብዕር ዓይንና ጣት መሳል ስለማይችል ትልልቁን ቅርጽ ብቻ እንድታስቡ ያስገድዳል። በየሣጥኑ አንድ ነገር ለውጡ፦ የተመልካቹን የዓይን ከፍታ፣ ከሴትየዋ ያለውን ርቀት፣ መስኮቱ የሚይዘውን ስፋት፣ እሷ የምትቀመጥበትን ጎን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሣጥኖች ማንም ሰው ቀድሞ የሚያስባቸው ናቸው፤ መሀል ላይ የተቀመጠች ሴት፣ ከፊት ለፊት የታየች። እነሱን አውጥቶ መጨረስ ራሱ ጥቅም አለው፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅ ሌላ ነገር መፈለግ የሚጀምረው።

ከሣጥኖቹ ሁለት ወይም ሦስቱን ስትመርጡ የምታዩት ይህን ነው። የትኩረት ነጥቡ የት አርፏል? ሥዕሉን በቁመትም በወርድም ሦስት ሦስት ቦታ ስትከፍሉት መስመሮቹ የሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች አስተማማኝ ማረፊያ ናቸው። ግዴታ ግን አይደሉም፤ ጸጥታን ወይም ሥርዓትን ለማሳየት መሀል ላይ ማስቀመጥም ይሠራል፣ አውቃችሁ እስካደረጋችሁት ድረስ። ቀጥሎ መጠን፦ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ቅርጽ ይኑር። መስኮቱ፣ ሴትየዋና ወንበሩ እኩል ቦታ ከያዙ ዓይን የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ያጣል። ሚዛን ማለት ደግሞ እኩል መክፈል አይደለም፤ በግራ በኩል ያለ ሰፊ ጨለማ ግድግዳ በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ ደማቅ ወረቀት ሊመዘን ይችላል። በመጨረሻም ባዶው ቦታ የራሱ ቅርጽ እንዳለው አትርሱ። በሴትየዋ ጀርባና በመስኮቱ ጠርዝ መካከል የሚቀረው ክፍተት ያማረ ቅርጽ ከሌለው የተቀመጠችበት አኳኋንም አያምርም።

እዚህ ላይ የሚፈጠር አንድ ስሕተት አለ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ጥልቀትን ይገድላል። የሁለት ነገሮች ጠርዝ ተነካክቶ ሲቆም፣ ለምሳሌ የመስኮቱ አግዳሚ እንጨት የሴትየዋን አናት ልክ ነክቶ ሲያልፍ፣ የቅርቡና የሩቁ ነገር አንድ ገጽ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። መፍትሔው አንድ ነው፦ ወይ በግልጽ ይደራረቡ፣ ወይ በግልጽ ይራራቁ። ካንቫሱ ዙሪያ ላይም እንዲሁ ነው፤ ክርን የሥዕሉን ጠርዝ ነክቶ ከሚቆም ተቆርጦ ቢወጣ ይሻላል።

2. ሦስት ቃና

ቃና ስንል ነገሩ ምን ያህል ደማቅ ወይም ጨለማ እንደሆነ ማለታችን ነው፤ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን። ሥዕሉን ከሩቅ የሚያስነብበው እሱ ነው፤ ምስጋናውን ቀለም ይወስደዋል እንጂ።

ከተመረጡት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሣጥኖችን ወስዳችሁ በሦስት ግራጫ ብቻ ሙሏቸው፦ ደማቅ፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። ጥቁሩን በመቶኛ ብናስቀምጠው 15፣ 50 እና 85 ጥሩ መነሻ ነው። ሦስቱ እኩል ቦታ እንዳይዙ፤ አንዱ ከግማሽ በላይ ይግዛ፣ ሁለተኛው ሲሶ ያህል ይያዝ፣ ሦስተኛው ጥቂት ሆኖ ይቅር። በምሳሌያችን ክፍሉ በጨለማና በመካከለኛ ቃና ተሞልቶ ደማቁ ለመስኮቱ፣ ለወረቀቱና ለፊቷ አንድ ጎን ብቻ ሊቀር ይችላል። ትልቁ የቃና ንፅፅር፣ ማለትም ደማቁ ከጨለማው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ቦታ፣ የትኩረት ነጥቡ ላይ ይሁን። መስኮቱ ከፊቷ በላይ ዓይን የሚስብ ከሆነ መጋረጃ ጨምሩና ድምቀቱን አንድ ደረጃ አውርዱት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሥዕሉን ስክሪን ላይ ወርዱ 150 ፒክስል እስኪሆን አሳንሱና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ሰው መሆኗ፣ መቀመጧና የሆነ ነገር መያዟ ካልታወቀ ወደ ፊት አትሂዱ። አሁን መለወጥ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ሰዓታት።

3. ካንቫሱን ማዘጋጀትና ንድፉን ማስገባት

ለኅትመት ከሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ) ጀምሩ፤ ኤ4 በዚህ ልክ 2480 በ3508 ፒክስል፣ ኤ3 ደግሞ 3508 በ4961 ፒክስል ይሆናል። ለስክሪን ብቻ ከሆነ ዲፒአይ የሚባለው ቁጥር ምንም አይለውጥም፤ የሚቆጠረው ፒክስሉ ነው። በትንሽ ካንቫስ ሠርቶ በኋላ ማሳደግ መስመሩን ያደበዝዛል፣ ስለዚህ ከሚያስፈልገው ከፍ አድርጎ መጀመር ይሻላል። ከልክ ማለፍ ግን ዋጋ አለው፦ ብራሹ ይዘገያል፣ ፕሮክሪኤት ላይ ደግሞ ካንቫሱ በተለቀ ቁጥር የሚፈቀደው የሌየር ብዛት ይቀንሳል። የቀለም ሞዱን አርጂቢ (የስክሪን ቀለም አሠራር)፣ ፕሮፋይሉን ኤስአርጂቢ (መደበኛው የስክሪን ቀለም ልክ) አድርጉ።

የወረቀት ንድፍ ስካን ሲደረግ 300 ዲፒአይ ይበቃዋል፤ የክሬዲት ካርድ ያህል ትንሽ ከሆነ 600። በስልክ ከሆነ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አድርጉ፣ ፍላሽ አጥፉ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ያዙ። በጣም ተጠግቶ ማንሳት የወረቀቱን ጠርዝ ያጎብጠዋል፤ ራቅ ብሎ አጉልቶ ማንሳት ይመረጣል። ከዚያ በሌቭልስ (የድምቀትና የጨለማ ማስተካከያ) የነጩን ጫፍ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ወደ ግራ፣ የጥቁሩን ጫፍ እርሳሱ እስኪጠቁር ወደ ቀኝ ግፉ። የንድፉን ሌየር ብሌንድ ሞድ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጨልም) አድርጉት፤ ነጩ ይጠፋና መስመሩ ብቻ ይቀራል፣ ከሥሩም መቀባት ትችላላችሁ።

ለሌየር ስም መስጠትን አትናቁ። «ሌየር 27» የሚል ስም ያለበት ፋይል ከሳምንት በኋላ ሲከፈት ለሠሪውም እንግዳ ነው። በየደረጃው መጨረሻ ፋይሉን በአዲስ ቁጥር አስቀምጡ፦ ደብዳቤ 01፣ ደብዳቤ 02 እያላችሁ።

4. ንድፉን ማሳደግ፣ ሕይወቱን ሳይገድሉ

ብዙ ሰው የሚያማርረው ነገር ይህ ነው፦ ረቂቁ ሕያው ነበር፣ የጸዳው ግን ደረቀ። ምክንያቱ ታለንት ማጣት አይደለም። ረቂቁ ላይ በአንድ ጠርዝ ዙሪያ አራት አምስት መስመሮች አሉ፤ ዓይን ከመካከላቸው የሚጥመውን ይመርጣል። ስናጸዳ ግን እጃችን መሀከለኛውን ይወስዳል። መሀከለኛው መስመር የሁሉም አማካይ ስለሆነ ጉብጠቱ ይለዝባል፣ ዝንባሌው ወደ ቀጥታ ይመለሳል፤ ያጎነበሰችው ሴት ትንሽ ቀና ትላለች፣ አንገቷም ግትር ይላል። በዚያ ላይ መጠኑ አለ። 6 ሴንቲሜትር የነበረው ንድፍ ወደ ኤ4 ሲያድግ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ 1 ሚሊሜትር የነበረችው መዛባት 5 ሚሊሜትር ትሆናለች።

ስለዚህ እንዲህ ሥሩ። የተመረጠችውን ትንሽ ንድፍ ራሷን ካንቫሱን እስክትሞላ አሳድጉ፤ እንደገና ከባዶ አትሳሏት። ኦፓሲቲዋን (የሌየሩን ድፍንነት) ወደ 25 በመቶ አውርዳችሁ ቆልፉት። በላይዋ በአዲስ ሌየር በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በሰማያዊ፣ መዋቅሩን ሳሉ፦ የራስ ቅሉን ክብ፣ የደረትና የዳሌን ሣጥን፣ የአከርካሪውን አንድ ረጅም መስመር። የክፍሉን የአድማስ መስመር (በተመልካቹ ዓይን ከፍታ ያለውን) አስምሩና የመስኮቱን፣ የጠረጴዛውንና የወንበሩን ጠርዞች ወደ ራሳቸው መጥፊያ ነጥብ (ትይዩ ጠርዞች በርቀት የሚገናኙ የሚመስሉበት ቦታ) አምጧቸው። ቤት ውስጥ በሚሳል ሥዕል ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህ ነው፤ ሰውየው በአንድ የዓይን ከፍታ፣ ዕቃው በሌላ ይሳላል፣ ሰውየውም ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን የተንሳፈፈ ይመስላል።

መዋቅሩ ሲያልቅ በሦስተኛ ሌየር ቅርጹን ሳሉ፤ ሲያመነቱ ወደ ማጋነኑ አድሉ። ያዘነበለውን ትከሻ ትንሽ ይበልጥ አዘንብሉት፤ የጎበጠውን ጀርባ ትንሽ ይበልጥ አጉብጡት። በሚቀጥለው ማጽዳት የሚለዝበውን ከአሁኑ ማካካስ ነው። አንድ ክንድ ላይ ሁለቱ ጎኖች እኩል ጎብጠው ፊት ለፊት ከተያዩ ክንዱ ይነፋል፤ በአንድ ጎን ቀጥ ያለ፣ በሌላው ጎን የጎበጠ መስመር አድርጉ።

በዚህ ደረጃ በየ15 ደቂቃው ካንቫሱን ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጡት። ዓይን የለመደውን ስሕተት አያይም፤ ሲገለበጥ ግን አንዱ ዓይን ከሌላው ከፍ ማለቱ ወይም ሴትየዋ ወደ አንድ ጎን መውደቋ ወዲያው ያስታውቃል። የተዛባውን በሰሌክሽን ከብባችሁ በትራንስፎርም ወይም በሊኩዊፋይ (ቅርጹን እየገፋ በሚያስተካክለው መሣሪያ) አስተካክሉ፤ መስመሩ ከጸዳ በኋላ እነዚህ መሣሪያዎች ያደበዝዙታል።

5. መስመር

መስመር የሌለው፣ በቅብ ብቻ የሚሠራ ሥዕል ከሆነ ይህን ዝለሉት።

ኤ4 በ300 ዲፒአይ ላይ ለዋናው መስመር ከ7 እስከ 10 ፒክስል፣ ለውስጥ ዝርዝር ከ3 እስከ 5፣ ጥላ ላረፈበትና ቅርጾች ለሚደራረቡበት የውጭ ጠርዝ እስከ 15 ድረስ ተጠቀሙ። ሁሉም መስመር አንድ ውፍረት ካለው ሥዕሉ እንደ ሽቦ ይሆናል። ወፍራሙ ክብደትና ጥላ ያለበትን ይናገራል፤ ቀጭኑ ብርሃን የመታውን። ስታቢላይዘሩን (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያለሰልሰውን) ጥቂት ብቻ አብሩት፤ ከበዛ መስመሩ ከብዕሩ ኋላ ይጎተታል፣ ሹል ማዕዘኖችንም ያለዝባል። ረጅሙን መስመር ከትከሻ በአንድ እንቅስቃሴ ጣሉት፤ ካልሆነ አጥፍታችሁ ድገሙት፣ በቁርጥራጭ አትቀጥሉት። ከ100 በመቶ በላይ አጉልቶ መሥራት ደግሞ ያታልላል፤ እዚያ የተጨነቃችሁበት ሽፋሽፍት ወደ መደበኛ መጠን ሲመለስ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

6. መደብ ቀለም

ከመስመሩ ሥር ለእያንዳንዱ ትልቅ ክፍል አንድ ሌየር፦ ቆዳ፣ ጸጉር፣ ልብስ፣ ወረቀት፣ ወንበር፣ ጀርባ። በፊል (ክፍሉን በአንዴ በሚሞላው መሣሪያ) ስትሞሉ ቀለሙ ወደ ውጭ ከፈሰሰ መስመሩ ያልተዘጋ ቦታ አለው ማለት ነው። ሞልቶ ከመስመሩ ጎን ነጭ ክር ከቀረ ደግሞ የመስመሩ ጠርዝ ለስላሳ በመሆኑ ነው፤ የፊል ማስፊያውን 2 ፒክስል አድርጉት፣ ቀለሙ ከመስመሩ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው ጥላና ብርሃን ሁሉ በእነዚህ ሌየሮች ላይ በክሊፒንግ ማስክ ስለሚያዝ ከጠርዝ አይወጣም።

7. ብርሃን

አንድ ዋና ብርሃን ምረጡና ከየት እንደሚመጣ በተለየ ሌየር ቀስት አስምሩ። ቀስቱ እያለ እንኳ አፍንጫው በግራ፣ ወንበሩ በቀኝ ጥላ ሲጥል ይገኛል።

የጥላ ሌየሩን መልቲፕላይ አድርጉና ከመደብ ቀለሙ በላይ ክሊፕ አድርጉት። ጥቁር ወይም ንጹሕ ግራጫ አትጠቀሙ፤ ቆዳውን አመድ ያስመስለዋል። ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ምረጡ። የትኛው እንደሚሆን ብርሃኑ ይወስናል፦ ከምትጠልቅ ፀሐይ ወይም ከሻማ የሚመጣ ሙቅ (ወደ ቢጫና ቀይ ያደላ) ብርሃን ጥላውን ቀዝቃዛ (ወደ ሰማያዊ ያደላ) ያስመስለዋል፤ በደመናማ ቀን በመስኮት የሚገባ ብርሃን ግን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ የክፍሉ ጥላ ሞቅ ያለ ቡናማ ይመስላል። የእኛ ሥዕል ሁለተኛው ነው።

ሁለት ዓይነት ጥላ ለዩ። ቅርጹ ራሱ ከብርሃን ሲዞር የሚጠቁረው ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ጉንጭ ላይ ያለውን አስቡ። አንድ ነገር በሌላው ላይ የሚጥለው ጥላ ግን ከጣለው ነገር አጠገብ ጠርዙ ስለታም ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል። ሁለቱንም በአየር ብራሽ የሚቀባ ሰው ሥዕሉ ጭስ የገባበት ይመስላል፤ ለመጀመሪያው ለስላሳ፣ ለሁለተኛው ጠንካራ ብራሽ ያዙ። ነገሮች በሚነካኩበት ስንጥቅ፣ ለምሳሌ ጣቷ ወረቀቱን በያዘበት፣ ጠባብና ጨለማ ጥላ ጨምሩ፤ ዕቃውን ቦታው ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

ደብዳቤው ነጭ ነው፣ ስለዚህ የመስኮቱን ብርሃን ወደ አገጯና ወደ አንገቷ ሥር ይመልሳል። ይህች ነጸብራቅ ፊቷንና ወረቀቱን ታስተሳስራለች፤ ለሥዕሉ አንድነት ትልቅ ጥቅም አላት። አንድ ገደብ ግን አለ፦ ነጸብራቁ የጥላው አካል ነው፣ ብርሃን ከመታው ጎን ድምቀት ጋር እኩል ከሆነ የፊቱ ቅርጽ ይፈርሳል።

8. ቀለም

አንድ ቀለም ይግዛ፣ ሌሎቹ ያጅቡ። ክፍሉ በሙሉ በደበዘዘ አረንጓዴና ቡናማ ከሆነ አንድ ቀይ ሻርፕ ይበቃል፤ ቀዩ መጋረጃው ላይ፣ ወንበሩ ላይና ምንጣፉ ላይ ከተደገመ ግን የሻርፑ ጉልበት ያልቃል። ድግግሞሽ ከፈለጋችሁ አንድ ቦታ ላይ፣ ባነሰና በደበዘዘ መጠን አድርጉት፤ ለምሳሌ በፖስታው ማኅተም ላይ። ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ጥንካሬ) ሁሉም ቦታ ከፍ ማድረግ የጀማሪ ምልክት ነው። አንድ ቀለም የሚያበራው ጎረቤቱ ስለደበዘዘ ነው።

እየቀባችሁ በየጊዜው ቃናውን ፈትሹ። ከሁሉም ሌየር በላይ በጥቁር የተሞላ ሌየር አድርጉና ብሌንድ ሞዱን «ከለር» አድርጉት፤ ሲያበሩት ሥዕሉ ግራጫ ይሆናል፣ ሲያጠፉት ይመለሳል። በ2ኛው ደረጃ ከሠራችሁት ባለሦስት ቃና ንድፍ ጋር አስተያዩት። ፎቶሾፕ ላይ «ዲሳቹሬት» የሚለውን ለዚህ አትጠቀሙ፦ እሱ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የቀለም ቁጥር ብቻ ስለሚያማክል ንጹሕ ቢጫንና ንጹሕ ሰማያዊን አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ለዓይን ግን ቢጫው እጅግ ደማቅ፣ ሰማያዊው ጨለማ ነው።

9. ጠርዝና ዝርዝር

ሥዕሉ «አልቋል» የሚያሰኘው የዝርዝር ብዛት አይደለም፤ ዝርዝሩ የት እንደቆመ ነው። ስለታም ጠርዝ፣ ትልቁ ንፅፅርና ብዙ ዝርዝር በፊቷ፣ በእጇና በወረቀቱ ላይ ይሰብሰቡ። ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ጠርዙ ይለስልስ፤ ጨለማ ቀሚሷ ከጨለማው ወንበር ጋር በሚገናኝበት ጨርሶ ይጥፋ። የጠፋውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። የጨርቅ ሽመናና የእንጨት ጭረት የምታወጡት ብርሃንና ጥላው በሚገናኙበት ቀጠና ላይ ነው፤ በጥልቁ ጥላና በጠራው ብርሃን ውስጥ እምብዛም አይታይም።

10. ማጠናቀቅና ማውጣት

ፋይሉን አስቀምጡና ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ከዚያ በአነስተኛ መጠንና ተገልብጦ እዩት። ከሁሉም በላይ ከርቭስ አድጀስትመንት ሌየር (ከሥሩ ያለውን ሥዕል ሳይነካ ድምቀቱን የሚያስተካክል) አድርጋችሁ ንፅፅሩን አስተካክሉ፤ በጣም ደማቁና በጣም ጨለማው ዝርዝራቸውን እስኪያጡ አትግፉት። ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ግሬን (ደቃቅ ነጠብጣብ) በሌየር መጨመር የተለያዩ ብራሾችን ያስማማል፤ ከዚያ ካለፈ ቆሻሻ ይመስላል።

የሌየሩን ፋይል እንዳለ አኑሩ፣ የምታወጡት ከቅጂው ነው። ለኢንተርኔት መጀመሪያ ወደሚፈለገው መጠን አሳንሱ፣ ቀጥሎ በትንሹ ሻርፕን አድርጉ (ጠርዙን ስለታም አድርጉ)፣ ከዚያ ኤስአርጂቢ ፒኤንጂ ወይም ከ85 እስከ 90 ጥራት ያለው ጄፔግ አድርጋችሁ አውጡ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ አስቀድሞ ሻርፕን የተደረገው ጠርዝ ሲያንስ ይደበዝዛል።

ለማተሚያ ቤት በየጎኑ 3 ሚሊሜትር የቁርጥ ትርፍ (ከታተመ በኋላ የሚቆረጥ ጠርዝ) ይጨመራል፤ ኤ4 ያን ጊዜ 216 በ303 ሚሊሜትር፣ በፒክስል 2551 በ3579 ይሆናል። ይህን ከመጀመሪያው ካወቃችሁ ካንቫሱን በዚህ ልክ ክፈቱት፤ በመጨረሻ ጀርባውን መዘርጋት አሰልቺ ነው። ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበትን የሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም) ፕሮፋይል ጠይቁና በሶፍት ፕሩፍ (ኅትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ በሚያሳየው) እዩት፤ የሚያበሩ ሰማያዊዎችና አረንጓዴዎች ቀድመው ይደበዝዛሉ። ወረቀት እንደ ስክሪን ከውስጥ ስለማያበራ ጥላው ከምታዩት ይበልጥ ይጨልማል፤ ፊቷንና ጨለማውን ግድግዳ የያዘች 10 ሴንቲሜትር ቁራጭ አስቀድማችሁ አሳትሙ፣ ጥላው ከተዘጋም የከርቭሱን ታችኛ ክፍል ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሙሉውን ላኩ።